የጋሽ ሮባ ባለ ድርብ ክንፍ

ካፒቴን ኤፍራታ ደሳለኝ ለመጨረሻ ጊዜ አውሮፕላን በእጇ ያበረረችው በ2047 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት አብራሪ የማያስፈልጋቸው አውሮፕላኖች ሥራውን ሙሉ በሙሉ ተረከቡ፤ አብራሪዎቹ ግን ወዲያው አልተሰናበቱም። መንገደኞች ባዶ ወንበር ማየት ስላልወደዱ ድርጅቱ የኤፍራታን የሥራ መደብ «የመረጋጋት መኮንን» ብሎ ቀየረው። ሥራው ቀላል ነበር። ዩኒፎርሟን ለብሳ በር ላይ ትቆማለች፤ የሚገባውን ሁሉ እንኳን ደህና መጡ ትላለች፤ ከዚያ ፊት ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ታሳርፋለች። በበረራ ላይ እጅን ከጉልበት ማንሳት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ያሰጣል። በዚህ ሁኔታ አሥራ አራት ዓመት ሠራች። ናይሮቢ ደርሳ ተመልሳለች፣ ዱባይ ደርሳ ተመልሳለች፤ አንድም ቀን ምንም ነገር አልነካችም። በ2061 መንገደኞቹ ባዶውን ወንበር ለመዱት፤ እሷም ጡረታ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ የምትኖረው ቢሾፍቱ ነው። የከተማዋ ሰማይ ሰባት እርከን አለው። ታችኛው እርከን ላይ መድኃኒትና አስቤዛ የሚያደርሱ ድሮኖች ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይመላለሳሉ፤ ከዚያ በላይ የግንባታ ዕቃ፣ ከዚያ በላይ ሰው። ሁሉም ጣሪያ ላይ የመቀበያ መረብ ተዘርግቷል። ፀሐይ ድንገት ስትጋረድ ደመና ይሁን የድሮን ሰልፍ ለማወቅ ማንም ቀና አይልም፤ እጁን ወደ ውጭ ዘርግቶ ጠብታ ይጠብቃል። ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ «ሰማይ ሳሉ» ሲባሉ ማስመሪያ ያወጣሉ።

ኤፍራታ ከአብራሪነት የቀራት አንዲት ካርድ ነበረች፦ የእጅ በረራ ፈቃድ። በየዓመቱ ሄዳ ታሳድሳታለች፤ በየዓመቱም መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ካርዷን አገላብጦ ምን እንደሆነች ይጠይቃታል። በነሐሴ 2071 ግን ማስታወቂያ ወጣ። ከመስከረም አንድ ጀምሮ የእጅ በረራ ፈቃድ ሁሉ ይሰረዛል፤ ልጓም የሌለው ማንኛውም የሚበር ነገር ለቀበሌ ተሰጥቶ ይፈጫል። ልጓም የሚሏት የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን ናት። የሚበር ነገር ሁሉ ይሸከማታል፤ ከመሥመሩ ፈቀቅ ሲል እሷ ተቀብላ ትነዳዋለች።

ማስታወቂያው በወጣ በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው የኤፍራታን በር አንኳኩ። ሰባ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ረዥም፣ ቀኝ እጃቸውን ከኮታቸው ኪስ የማያወጡ ሽማግሌ ነበሩ።

«የእጅ ፈቃድ ያለዎት እርስዎ ነዎት?» አሉ። «ሮባ እባላለሁ። አናጢ ነኝ። የሚበር ነገር ሠርቼ የሚያበርልኝ አጣሁ።»

ኤፍራታ መጫወቻ መስሏት ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ ቤታቸው ስትሄድ ግን በሩ ላይ ቆማ ቀረች። አውሮፕላኑ ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቶታል። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ወደ አገሪቱ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች የአንዱ፣ የፖቴዝ ሃያ አምስት ሞዴል ነበር፤ መጠኑ የእውነተኛው ሲሶ። ሁለት ክንፍ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ፣ የላይኛው ሰፊ፣ የታችኛው አጠር ያለ፤ በመካከላቸው ቀጫጭን ምሰሶና የተወጠረ ሽቦ። የላይኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ አራት ሜትር ከሰባ ይሆናል። አጥንቱ ቀርከሃና ግራቪሊያ፣ ፊቱ ላይ አየር የሚቀዝፈው መዘውር ዋንዛ ነው። ሞተሩን ጋሽ ሮባ ከሁለት አሮጌ የዛፍ መጋዞች አንድ አድርገው ሠርተውታል። ክንፎቹ አቡጀዴ ለብሰዋል። አቡጀዴውን በእጅ የሰፉት ባለቤታቸው ወይዘሮ አያንቱ ነበሩ፤ የመጨረሻውን ክንፍ ጨርሰው በሁለተኛው ወር ዐረፉ። ሥራው በጠቅላላው ሰባት ዓመት ፈጅቷል።

ከታችኛው ክንፍ ሥር በሁለት ረድፍ ስድስት ትናንሽ የእንጨት ቦምቦች ተንጠልጥለዋል።

ኤፍራታ እነሱን ስታይ ፊቷ ሳይለወጥ አልቀረም፤ ጋሽ ሮባ ሳትጠይቃቸው መናገር ጀመሩ። አውሮፕላኑን የሠሩት ስለሚወዱት አይደለም። በዚያ ዘመን እንዲህ ዓይነቱ መኪና በሳጥን ተጭኖ በባቡር እንደመጣ፣ ሰዎች ምን እንደሆነ ሳያውቁ አንጋጠው ሲያዩት ከላይ ቦምብ እንደጣለባቸው አንብበዋል። እሳቸውን የያዛቸው ግን አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶው ላይ አብራሪው ኮፍያውን አድርጎ ከፊት ቆሟል፤ ስሙም ከሥሩ ተጽፏል። ከኋላ ጥግ ላይ አንድ ነጠላ ያደገደገ ሰው ጎንበስ ብሎ የተቀደደ ክንፍ ይጠግናል፤ በእጁ መላጊያ ይዟል። የሱ ስም የትም የለም።

«ያ ሰው ያየውን ማየት ፈለግሁ» አሉ ጋሽ ሮባ። «አጥንቱ እንዴት እንደተገጠመ። ሰባት ዓመት አየሁት። የቀረኝ እሱ ጠግኖት ሲነሣ ያየው ነው።»

ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡት። ይንቀጠቀጣል። ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ሐኪሞቹ ይብሳል እንጂ አይሻለውም ብለዋቸዋል።

ኤፍራታ መቆጣጠሪያውን ተቀበለቻቸው። አውሮፕላኑን ያለ ሽቦ ከሩቅ የሚያዝ፣ ሁለት ዘንጎች ያሉት ከባድ ሳጥን ነው። የግራውን ዘንግ በአውራ ጣቷ ስትገፋ፣ ክፍሉ መጨረሻ ላይ ያለው ጅራት ቀስ ብሎ ዞረ። መልሳ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችውና ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። ቤቷ ስትደርስ እጆቿን እያየች ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ሃያ አራት ዓመት ምንም ያልነካ እጅ የሟች ሴት ስፌትና የሰባት ዓመት ልፋት አንሥቶ ሜዳ ላይ ሊከሰክስ እንደሚችል ታውቃለች። በማግሥቱ ሄዳ እንደማትችል ነገረቻቸው። ሌላ ሰው እንዲፈልጉ ለመነቻቸው።

«ሌላ ሰው የለም፤ አጣርቻለሁ» አሉ።

«ብሰብረውስ ጋሽ ሮባ?»

«ብትሰብሪው እኔ አናጢ ነኝ።»

እንዲህ አድርገው ከአንቱታ ወደ አንቺ ተሸጋገሩ፤ እሷም ኮቷን አውልቃ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እየመጣች፣ አውሮፕላኑ ካለበት ሳይነቃነቅ፣ ክንፉንና ጅራቱን በዘንጎቹ ስታንቀሳቅስ ትውላለች። ጋሽ ሮባ ነፋስ እየሆኑ «አሁን ከግራ መጣሁብሽ» ይሏታል፤ እሷ ትመልሳለች።

የበረራ ማመልከቻው በመጀመሪያ ውድቅ ሆነ። «የመሣሪያው ዓይነት» በሚለው ቦታ ጋሽ ሮባ «ቦምብ ጣይ» ብለው ጽፈው ነበር። ነገሩን ለማጣራት ከሰማይ መሥመር ጽሕፈት ቤት አንዲት የሠላሳ ዓመት ወጣት መጣች። ቦንቱ ትባላለች። የታችኛው እርከን ተቆጣጣሪ ናት፤ ሥራዋ ከተማዋ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ በእጇ በምትይዘው የሚያበራ ሰሌዳ ማየት ነው። ሥራ ቤቱ ውስጥ ገብታ አውሮፕላኑን ዞረችው፤ ከዚያ ቦምቦቹን እንዲያወልቁ አዘዘች።

ጋሽ ሮባ እምቢ አሉ። የሆነውን ነገር ነው የሠራሁት አሉ፤ ቦምቡን አውልቄ ባሳይ ሰው አይቶት ምን የሚያምር ነገር ነበር ይላል፤ ያ ደግሞ ውሸት ነው። ቦንቱ ሕጉ የሷ እንዳልሆነ፣ ከሰማይ ሊወድቅ የሚችል ያልተመዘገበ ነገር ሁሉ እንደ መሣሪያ እንደሚቆጠር አስረዳቻቸው። ሁለቱም ድምፃቸውን አላነሡም፤ ግን ሁለቱም አልተነቃነቁም። በመጨረሻ ጋሽ ሮባ ከመደርደሪያው የእንጨት ሙጫ አወረዱ። በደህናው ግራ እጃቸው ቦምቦቹን አንድ በአንድ እያነሡ ሙጫ ቀብተው ከመያዣው ጋር አጣበቋቸው። ስድስተኛውን እስኪጨርሱ ቦንቱ ቆማ ጠበቀች።

«ሳቢው፤ ሞክሪ» አሏት።

ቦንቱ አንዱን ይዛ ሳበች። አልተነቃነቀም።

«ከእንግዲህ አይወድቁም» አሉ ጋሽ ሮባ። «ይህንን ጻፊልኝ።»

ጻፈችላቸው። ጳጉሜ ስድስት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሦስት ከሃያ፣ ከጨለለቃ ሐይቅ ዳር፣ ልጓም ተገጥሞለት፣ የሃያ ደቂቃ በረራ ተፈቀደ። ጳጉሜ ስድስት በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣ ቀን ነው፤ የዚያ ዓመት የመጨረሻው፣ የኤፍራታ ፈቃድም የመጨረሻው ቀን ነበር።

ዕለቱ ብሩህ ሆኖ ዋለ። ክረምቱ ሐይቁን ሞልቶት ነበር፤ ከዳሩ ሥራ ያቆመ የአበባ እርሻ አለ፣ በመካከሉ የሚያልፈው አስፋልት ቀጥ ያለ ነው። አውሮፕላኑን በጭነት መኪና አምጥተው ክንፎቹን እዚያው ገጠሙ። ቦንቱ ሰሌዳዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣች፤ ልጓሟን ራሷ ከሞተሩ ጀርባ አሰረቻት። በላያቸው ድሮኖቹ በሰልፍ ያልፋሉ፤ ሰው እርስ በርሱ የሚነጋገረው እንደ ልማዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ጋሽ ሮባ መዘውሩን አሽከረከሩ፤ ሞተሩ ሳል እንደያዘው ሰው ሦስቴ ስሎ ተነሣ። ኤፍራታ ዘንጉን ገፋች። አውሮፕላኑ አሥር ሜትር ያህል እንደሄደ ሞተሩ ቀጥ አለ። ልጓሟ ናት ያቆመችው፤ የሞተሩን ንዝረት እንደ ብልሽት ወስዳዋለች። እንደገና አስነሡት። አሁንም ጅራቱ ከመሬት መነሣት ሲጀምር አጠፋችው። በሦስተኛው ሙከራ ቦንቱ ሰሌዳዋን አየችና ለሁለቱ ሳታነብላቸው ቀረች። ኤፍራታ ጠጋ ብላ በትከሻዋ ላይ አነበበችው፦ «ይህ ቁስ መብረር አይችልም።»

ሦስት ሰዓት ከዘጠኝ ሆነ። ጋሽ ሮባ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ቦንቱ ልጓሟ የተሠራችው ለዛሬዎቹ ድሮኖች መሆኑን፣ እንዲህ ዘገምተኛ፣ እንዲህ የሚንገጫገጭ ነገር አይታ እንደማታውቅ፣ ቢነሣ እንኳ በአየር ላይ መወዛወዙን እንደ መውደቅ ቆጥራ ነጥቃ እንደምትከሰክሰው ነገረቻቸው። ስትናገር የምታየው እሳቸውን ሳይሆን መሬቱን ነበር።

«እንግዲያው ይቅር» አሉ ጋሽ ሮባ። «አስነሥተነዋል። ድምፁን ሰምቻለሁ።»

ኤፍራታ መቆጣጠሪያውን ይዛ ከጎናቸው ተቀመጠች።

ቦንቱ ወደ አውሮፕላኑ ሄዳ ተንበረከከችና ከኪሷ ባወጣችው መፍቻ ልጓሟን ፈታች፤ አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። ሰሌዳዋን ከፈተች። ልጓም የሌለው ነገር ከተነሣ ሰማዩን የሚመራው ሥርዓት ሊመታው ድሮን ይልካል፤ ሥርዓቱ የማይነዳውና የማይመታው፣ መንገድ ብቻ የሚለቅለት አንድ ነገር ቢኖር ወፍ ነው። ወፍ የሚመዘገበው ደግሞ በተቆጣጣሪ እጅ ነው። ጣቷ ሰሌዳው ላይ ቆመ።

«ትልቁ ወፍ ማነው?» አለች።

«ጥንብ አንሣ» አለች ኤፍራታ። «ቦንቱ፣ ሥራሽን ታጫለሽ።»

«አውቃለሁ። ያስነሡት ጋሼ፤ ስምንት ደቂቃ ነው ያለን።»

አውሮፕላኑን ጥንብ አንሣ ብላ መዘገበችው፤ ጋሽ ሮባም ተነሥተው መዘውሩን አሽከረከሩ።

አውሮፕላኑ አስፋልቱን ይዞ ሮጠ። ጅራቱ ቀድሞ ተነሣ፤ ከዚያ መንኮራኩሮቹ መሬቱን እየነካኩ ዘለሉ፤ ከዚያ መንካታቸውን ተዉ። ኤፍራታ በጣቷ ጫፍ ላይ ክብደቱ ሲመጣ ተሰማት። በሽቦ እንኳ ካልተያያዘ ነገር ክብደት ሊመጣ እንደማይችል ታውቃለች፤ ቢሆንም ተሰማት። ነፋስ ከሐይቁ በኩል ገፍቶ የግራውን ክንፍ አነሣው፤ አውራ ጣቷ ከሐሳቧ ቀድሞ መለሰው። ባለ ድርብ ክንፉ ውኃው ላይ ደርሶ ሰፊ ዙር ወሰደ፤ አቡጀዴው ፀሐይ አሳልፎ አጥንቶቹ አንድ በአንድ ታዩ።

ያን ጊዜ ድሮኖቹ መሥመራቸውን ለቀቁ። ወፉ ትልቅና ጥበቃ የሚደረግለት በመሆኑ በመጀመሪያ የታችኛው እርከን ተከፈተ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ሦስተኛው። ሰልፉ በሐይቁ ዙሪያ ራቅ ብሎ ዞረ፤ ከሐይቁ ጋር የሚዋሰነው ሰፈርም ጸጥ አለ። ሰዎች መብራት የጠፋ መስሏቸው ከየቤታቸው ወጡ። አንዳንዶቹ እጃቸውን ዘርግተው ጠብታ ጠበቁ። ቀጥሎ ቀና አሉ። ጣሪያ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ በር ላይ ቆመው ያዩት ጀመር፤ አንድ ሞተር ብቻ ይሰማል።

ኤፍራታ ሁለተኛውን ዙር ስትጨርስ ጋሽ ሮባን ጠራቻቸው። መቆጣጠሪያውን አስያዘቻቸውና ከኋላቸው ቆመች። እሳቸው እጄን እያየሽ ትሰጪኛለሽ አሉ፤ እያየሁ ነው አለች። የእጃቸው መንቀጥቀጥ ወደ ዘንጉ አለፈ፤ አየር ላይ ያሉት ክንፎችም መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ነገር ግን ከፍታው በቂ ነበር፤ ነፋሱም ዝግ ብሏል፤ አውሮፕላኑ እየተንቀጠቀጠ መሄዱን አላቋረጠም። ጋሽ ሮባ አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። እንባቸው በጉንጫቸው ሲወርድ ለመጥረግ እጅ አልተረፋቸውም።

«አየር ላይ እኮ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ይገርማል። እንጨት እኮ ነው።»

ሁለት ደቂቃ ያህል ከያዙት በኋላ «በቃኝ፤ ውሰጂው» ብለው መለሱላት። ሦስት ሰዓት ከሃያ ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ኤፍራታ አሳረፈችው። ሲያርፍ የግራው መንኮራኩር ተሰበረ፤ ሌላ ጉዳት አልደረሰበትም። ቦንቱ በሰሌዳዋ ላይ ወፉ እንደሄደ መዘገበች፤ ድሮኖቹ ወደ መሥመራቸው ተመለሱ። ለመነጋገር ሦስቱም ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ነበረባቸው፤ ሳይነጋገሩ ክንፎቹን ፈታቱ።

ቦንቱ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለአለቃዋ በጽሑፍ አሳወቀች። «አሞራ አልነበረም። አውሮፕላን ነበር። ልጓሙን የፈታሁትም የመዘገብሁትም እኔ ነኝ» የሚል ነበር ጽሑፉ። ኤፍራታ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ለምስክርነት ተጠርታ ያየችውን ሁሉ ተናገረች፤ ጥፋቱ የጋራ እንደሆነም ጨመረች። መርማሪው ሰውዬ ክፉ አልነበረም። ሲጨርስ መዝገቡን ዘጋና እናቱ በዚያ ቀን ጣሪያ ላይ ወጥተው አውሮፕላኑን እንዳዩት፣ ከዚያ ወዲህም ሌላ ወሬ እንደሌላቸው ነገራት። ቦንቱ ግን ከሰማዩ ሥራ ተነሣች። የምድር ክፍል ወደሚሉት ቦታ ተዛወረች፤ እዚያ የሚሠራው የአጥር፣ የምሰሶና የዛፍ ቁመት መለካት ነው።

ኤፍራታ ሳምንት ሙሉ ሄዳ ልትጠይቃት ስታመነታ ቆየች። በመጨረሻ ሄደች። ቦንቱ ሻይ ጋበዘቻት፤ ሥራው እንደሚሰለች አልደበቀችም፤ ጸጸት እንዳላትም ስትጠየቅ «አንዳንድ ቀን» አለች። አውሮፕላኑስ ተፈጨ ወይ ብላ ጠየቀች። ኤፍራታ ጋሽ ሮባ ለቀበሌ ከማስረከብ ሞትን እንደሚመርጡ ነግረዋት እንደነበር፣ አሁንም ሥራ ቤቱ ውስጥ በሸራ ሸፍነው እንዳስቀመጡት ነገረቻት። ቦንቱ ሻይዋን ሳትጨርስ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች።

በኅዳር መጀመሪያ ቦንቱ ወደ ጋሽ ሮባ ሥራ ቤት መጣች። ኤፍራታም እዚያ ነበረች፤ መንኮራኩሩን ጋሽ ሮባ እየመሯት እሷ ትጠግናለች፤ የሳቸው እጅ መሮ መያዝ ትቶ ነበር። ቦንቱ ከመግባቷ አንድ ወረቀት ዘረጋች። በአዲሱ ሥራዋ ካነበበቻቸው ደንቦች አንዱ ነው።

«ሰማይ ከየት እንደሚጀምር ታውቃላችሁ?» አለች።

አላወቁም።

«ከሁለት ሜትር። ከሁለት ሜትር በታች ያለው በሙሉ ምድር ነው፤ የእኔ ክፍል ነው። የሚበር ነገር ማለት ከዚያ በላይ የወጣ ነው።»

ጋሽ ሮባ ወረቀቱን ወስደው ሁለቴ አነበቡት። የአውሮፕላኑ ቁመት አንድ ሜትር ከሃያ መሆኑን ለማንም መናገር አላስፈለጋቸውም።

ጥር ላይ፣ የሐይቁ ውኃ ሸሽቶ ዳርቻው ሲደርቅ፣ ሦስቱ ከቀትር በኋላ ሜዳው ላይ ወጡ። ቦንቱ የመለኪያ ዘንጓን ሜዳው ወገብ ላይ ተከለች፤ ሁለት ሜትሩ ላይ ቀይ ጨርቅ አሠረችበት። ጋሽ ሮባ በወንበር ተቀመጡ። ኤፍራታ ሞተሩን አስነሥታ መቆጣጠሪያውን ለቦንቱ ሰጠቻት። ቦንቱ ዕድሜ ልኳን የሚበር ነገር ስትቆጣጠር ኖራ አንድም ጊዜ በእጇ አብርራ አታውቅም። ኤፍራታ ከጎኗ ሆና ምንም እንዳትቸኩል፣ ዝቅ ብላ እንድትይዘው፣ ጨርቁን እንጂ ሰማዩን እንዳታይ በቀስታ ነገረቻት።

ባለ ድርብ ክንፉ ደረቁን ሣር እያረሰ ሄደ። ጋሽ ሮባ ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው መንኮራኩሮቹን ያዩ ነበር። በመንኮራኩሮቹና በሣሩ መካከል መጀመሪያ አንድ ጣት፣ ቀጥሎ አንድ ስንዝር፣ ቀጥሎ ግማሽ ክንድ ብርሃን ገባ። አውሮፕላኑ በዚያች ቁመት፣ ከቀዩ ጨርቅ በታች፣ ሜዳውን እስከ ጫፉ አቋረጠ።